ዓባይ የከበበው አገር፦ በሸለቆው ጠርዝ መጓዝና ማደር

የዓባይ ወንዝ ባሕር ዳር ላይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ በመጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል። ጢስ ዓባይ ላይ ከገደል ተወርውሮ ወደ ደቡብ ያቀናል፤ ቀጥሎ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል፤ በመጨረሻም ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞሮ ሱዳን ይገባል። በዚህ አካሄዱ ጎጃምን በምሥራቅ ከበጌምድርና ከወሎ፣ በደቡብ ከሸዋና ከወለጋ ይለያል። ከጢስ ዓባይ በታች ወንዙ የሚጓዘው ራሱ እየቆፈረ ባወረደው ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ነው። ሸለቆው ከሩቅ አይታይም። ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ ያለው ደጋና ወይና ደጋ የጤፍና የበቆሎ ማሳ፣ የባሕር ዛፍ አጥር፣ የሣር ሜዳ ነው፤ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው ሜዳው ሳይቋረጥ የወለጋን ተራሮች የሚነካ ይመስላል። ጠርዙ ላይ እስኪደርስ ድረስ በመካከሉ ያለው ጥልቀት አይታወቀውም።

ደጀንና ጎሐ ጽዮን ፊት ለፊት በሚተያዩበት ስፍራ ከጠርዙ እስከ ወንዙ ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 1,400 ሜትር ይጠጋል። በአሜሪካ አሪዞና የሚገኘው ግራንድ ካንየን ጥልቅ በሆነበት ቦታ ከ1,800 ሜትር ያልፋል፤ የዓባይ ሸለቆ በዚህ መለኪያ ብዙም ርቆ አይቀርም። ልዩነቱ ያለው በአኗኗሩ ነው። ግራንድ ካንየን እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በር፣ መግቢያ ክፍያ፣ የተከለለ መመልከቻና ለጎብኚ ተብሎ የተሠራ ማረፊያ አለው። የዓባይ ሸለቆ በጎጃም በኩል ፓርክ አይደለም። ጠርዙ የገበሬ ማሳ ነው፤ ተዳፋቱ የከብት ግጦሽ ነው፤ ታችኛው ቆላም ማሽላ ይዘራበታል። በአማራ ክልል ገደልን በፓርክ ሥርዓት ማየት የሚፈልግ ሰው የሚሄደው ወደ ሰሜን ተራሮች ነው። እዚያ ደባርቅ ላይ ከፍሎ፣ አስጎብኚና ስካውት ይዞ ይገባል፤ ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዓባይን በምዕራብ ጎጃም ማየት የሚፈልግ ግን በሩ መናኸሪያ ነው። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ሆቴሎች፣ ሚኒባሶች፣ ምግብ ቤቶችና ገበያዎች የተሠሩት ለነጋዴ፣ ለሹፌር፣ ለመንግሥት ሠራተኛና ለተሳላሚ ነው። ጎብኚውም በእነሱ ሥርዓት መንቀሳቀስ ይኖርበታል፤ ሥርዓቱን ካወቀው ደግሞ አገልግሎቱ በቂ ነው።

ከደጀን ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ የምድርን ታሪክ ከላይ ወደ ታች ያሳያል። ጠርዙን የያዘው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ስንጥቆች ፈስሶ የቀዘቀዘ፣ የኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ፣ ከዚያ ዝቅ ሲል ወፍራምና ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። የኖራ ድንጋዩ በጁራሲክ ዘመን ባሕር ይህን አገር ሸፍኖ በነበረ ጊዜ የተነጠፈ ነው። ከኖራ ድንጋዩ በታች ያለውን የጂፕሰምና የሸክላ ድርብርብ የሥነ ምድር ባለሙያዎች በከተማዋ ስም የጎሐ ጽዮን ድርብርብ ይሉታል። ወንዙ አጠገብ ደግሞ ቀይ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወንዙ ወደ ምዕራብ በሄደ ቁጥር እነዚህን ሁሉ ቆርጦ ይጨርስና ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠውን መሠረታዊ ዓለት ያወጣል። ስለዚህም ነው ከቡሬ በታች ያለው ሸለቆ እንደ ደጀኑ በደረጃ የተቆረጠ ገደል ሳይሆን ሰፋ ያለ፣ በኮረብታ የተሞላ ቆላ የሚመስለው።

ይህ የድንጋይ አነባበር መንገዱንም ያስቸግራል። ክረምት ላይ ውሃ በባዛልቱ ስንጥቅ ሰርጎ ከሥሩ ያለውን ለስላሳ የጭቃ ድንጋይ ያረጥበዋል፤ በላዩ የተከመረው ናዳም መንሸራተት ይጀምራል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከአንድ ጊዜ በላይ ተሰንጥቆ ተጠግኗል። የጃፓን መንግሥት መንገዱን በማደስ ከመርዳቱም ሌላ ባለሙያዎቹ ከኢትዮጵያውያን ጋር የመሬት መንሸራተቱን አጥንተዋል። አስፋልቱ በድንገት እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚልበት ቦታ ላይ ሹፌሮች ፍጥነት የሚቀንሱት ለዚህ ነው።

የውሃው ነገር ብዙ ሰው ከሚገምተው ይለያል። ዓባይ ከጣና ይወጣል ቢባልም ሱዳን ድንበር ላይ ከሚደርሰው ዓመታዊ ውሃ ከጣና የሚመጣው አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። የቀረው በሸለቆው ጉዞ ላይ ከሁለቱም ጠርዞች የሚወርዱ ወንዞች የሚያዋጡት ነው። ከጎጃም በኩል ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋ፣ ጠምጫ፣ ብርና ፈታም ይወርዳሉ፤ ብዙዎቹ የሚነሡት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጮቄ ተራራ ነው። በፍኖተ ሰላም አጠገብ የሚያልፈው ላህም ወደ ብር ገብቶ ዓባይን ይቀላቀላል። ከዓመታዊው ውሃ አብዛኛው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ይፈስሳል። ስለዚህ ወንዙ በሚያዝያ ደንጊያው የሚታይ፣ በነሐሴ ደግሞ ጎርፉ ግንድ የሚያንከባልል ሁለት የተለያየ ወንዝ ነው።

ድልድይ ከመሠራቱ በፊት ጎጃም በክረምት ከሸዋና ከወለጋ የሚቆረጠው በዚሁ ጎርፍ ነበር። በበጋ ግን ነጋዴው ይሻገር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ጎጃም የባሶ ገበያ፣ ከወንዙ ማዶ በጉድሩ የአሰንዳቦ ገበያ የሸለቆው ሁለት ጫፎች ነበሩ። ወርቅ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና፣ የሚያሳዝነው ታሪክ፣ ባሪያም በዚህ መንገድ አልፏል። ወንዙን ለመሻገር ዋና የሚችሉ የአካባቢው ሰዎችና በአየር የተነፋ ቆዳ ያገለግሉ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ በሞጣ በኩል ወደ በጌምድር የሚያሻግር የድንጋይ ድልድይ ተሠርቶ ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች መካከሉን አፍርሰውት ዛሬ ሰባራ ድልድይ ይባላል።

የሸለቆውን አካሄድ በካርታ ላይ ካስቀመጡት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሜጀር ቺዝማን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ ሲሠራ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1936 አሳተመ። በወንዙ ዳር ተከታትሎ መሄድ ስለማይቻል የተጠቀመው ዘዴ በጠርዙ ላይ በበቅሎ እየተጓዘ፣ መውረጃ ባገኘበት ሁሉ ወደ ወንዙ ወርዶ መመለስ ነበር። ይህ ዘዴ ዛሬም ትክክለኛው ነው። ሸለቆውን በወንዙ ላይ በጀልባ የወረዱ አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዝ ጦር ቡድን የሚታወስ ነው። ይህ ግን ብዙ ሰው፣ ብዙ ስንቅና አደጋን የሚቀበል ልብ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ለተራ ተጓዥ ዓባይ በጠርዙ ከተሞች እየታደረ፣ በየመውረጃው እየተወረደ የሚታይ አገር ነው።

ዋናው መውረጃ ደጀን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚመጣ አገር አቋራጭ አውቶቡስ የሚነሳው ገና ሳይነጋ ነው፤ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ፀሐይ ሸለቆውን ሞልታ ትገኛለች። ቁልቁለቱ ላይ ነዳጅ የጫኑ ቦቴዎችና ባለ ተሳቢ መኪናዎች በዝቅተኛ ማርሽ እያቃሰቱ ይወርዳሉ፤ የፍሬን ሽታ በመስኮት ይገባል። ደጋ ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረው ሁሉ ወደ ታች ሲወርድ ጋቢውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያኖራል። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ የሚጠጋ የሙቀት ልዩነት ስለሚያመጣ ጠርዙ ላይ ብርድ ያለበት ጠዋት ወንዙ ዳር ሙቀት ነው። በመንገዱ ዳር ዝንጀሮዎች ሰልፍ ሠርተው ከመኪና የሚወረወር ነገር ይጠብቃሉ። መወርወሩ ግን ጉዳት አለው፤ እንስሳቱን መንገድ ላይ አስለምዶ ለመኪና አደጋ ያጋልጣል። በላይኛው ገደል የሚኖረው፣ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው ጭላዳ ከዚህኛው ዝንጀሮ የተለየ ነው፤ ሣር የሚበላ ሲሆን በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ይገኛል።

ወንዙ ላይ ሁለት ድልድይ ጎን ለጎን ቆመዋል። አሮጌው ለአሥርተ ዓመታት ብቻውን ሸክሙን ተሸክሟል። አዲሱ፣ የህዳሴ ድልድይ የተባለው፣ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ተመርቋል፤ ርዝመቱ 303 ሜትር ሲሆን ከምሰሶዎቹ በሚወርዱ ገመዶች የተወጠረ ነው። ሁለቱም በጥበቃ ሥር ስለሆኑ ፎቶ ከማንሳት በፊት ጠባቂዎቹን መጠየቅ ይገባል። አውቶቡስ እዚህ ስለማይቆም ሸለቆውን በተረጋጋ መንፈስ ማየት የሚፈልግ ሰው ደጀን ወርዶ ማደር ይሻለዋል። ከከተማው ወጣ ብሎ በእግር ጠርዙን መከተል ይቻላል፤ የማለዳውና የማታው ብርሃን የኖራ ድንጋዩን እርከኖች አንድ በአንድ ይለያቸዋል። እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር መባል አለበት። በየዓመቱ ይህን ያህል ሕዝብ በሚያልፍበት ጠርዝ ላይ መኪና ማቆሚያና የታጠረ መመልከቻ ሊኖር ይገባ ነበር፤ ከዚያ የሚገኘው ገቢም ለጠርዙ ገበሬዎች መሆን ነበረበት፤ ገደሉን ከመሸርሸር የሚጠብቁት እነሱ ናቸውና።

ከደጀን በኋላ አውራ ጎዳናው ሸለቆውን ትቶ ደጋውን ይዞ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ደብረ ማርቆስ፣ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ፣ ከዚያም ቲሊሊና እንጅባራ በተራ ይመጣሉ። ሸለቆው ይህን ሁሉ መንገድ በደቡብ በኩል ከጎን ይከተላል። ትልቁ ሆስፒታል፣ የተሻሉ ሆቴሎችና ባንኮች ያሉት በደብረ ማርቆስ ስለሆነ ረጅም ጉዞ የያዘ ሰው የጎደለውን የሚያሟላው እዚያ ነው።

ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ ወደ 390 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ዳር ወደ 175 ኪሎ ሜትር ላይ ያለች የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት። ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ የዛሬውን ስሟን ያገኘችው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት በሱዳን፣ በኦሜድላ በኩል ገብተው በዚሁ መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያልፉ ነው። በዚያ ዘመቻ ቡሬና ማንኩሳ የጣሊያን ምሽግ ነበሩ፤ የጎጃም አርበኞችና በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው ጦር ጠላትን ከቦታ ቦታ እየገፋ ያወጣው ይህንኑ ጎዳና ተከትሎ ነው። በምሥራቁ በኩል ደግሞ አርበኛው በላይ ዘለቀ ለጣሊያን ሳይንበረከክ የቆየው የዓባይን በረሃ ምሽግ አድርጎ ነው።

ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ላይ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ትሞቃለች፤ ሌሊቱ ግን ያስተኛል። ይህ ከፍታ ለተጓዥ አንድ ጠቃሚ ትርጉም አለው። በኢትዮጵያ ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነውና ፍኖተ ሰላም በወሰኑ ላይ ተቀምጣለች። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ደጋውን ሳይቀር ደርሶ በአገሪቱ 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ የጎጃም ሽማግሌዎች የንዳድን ስም በቀላሉ አያነሡም። እዚህ አልጋ የሚይዝ ሰው ከዋጋው በፊት አጎበር መኖሩን ቢጠይቅ መልካም ነው። በተለይ ዝናቡ በሚያቆምበት በመስከረምና በጥቅምት ትንኙ ይበዛል።

አልጋ አያያዙ በከተሞቹ ሁሉ ተመሳሳይ ነው። ሆቴሉ ብዙውን ጊዜ ግቢ ነው፤ ፊት ለፊት ምግብ ቤት፣ ከኋላ በረድፍ የተሠሩ ክፍሎች ይገኛሉ። ዋጋው የሚለየው ሻወርና ሽንት ቤት በውስጡ መኖር አለመኖሩ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ጊዜ ባልዲ ውሃ አስቀድሞ ማስሞላት፣ መብራት በሚጠፋበት ማታም ባትሪ መያዝ ያስፈልጋል። ማልዶ የሚሄድ ሰው ሒሳቡን ማታ ዘግቶ ለዘበኛው መናገር አለበት፤ በሩ በቁልፍ ስለሚያድር በሌሊት መናኸሪያ ለመድረስ ዘበኛውን መቀስቀስ ግድ ይሆናል። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በአጽዋማት ምግቡ ሽሮና በያይነቱ ነው፤ ሥጋ የሚፈልግ ጥቂት ቤት ብቻ ያገኛል። እንጀራው የጎጃም ጤፍ ነው፤ ለሚያውቀው ይህ ብቻውን ለመቆየት በቂ ምክንያት ይሆናል። በከተማ ውስጥ ባጃጅና ጋሪ ይሠራሉ። ጋሪው ለገበያ ዕቃ፣ ባጃጁ ለሰው ይመረጣል፤ ሁለቱም ከመሳፈር በፊት ሒሳብ መስማማት ይፈልጋሉ።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ ማንኩሳን ያቋርጣል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ ውስጥ የዋናው ገጸ ባሕርይ የበዛብህ የትውልድ ቀዬ ይህች ማንኩሳ ናት። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ከተማዋን ሲያልፍ ከመስኮት አንገቱን ማውጣቱ አይቀርም።

ቡሬ ከአዲስ አበባ ወደ 410 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ዳር ወደ 150 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ለዓባይ ሸለቆ ከፍኖተ ሰላም ይልቅ ቁልፍ እሷ ናት፤ የወረዳው መሬት በደቡብ እስከ ዓባይ ይደርሳል፤ ወደ ነቀምት የሚሻገረው መንገድም የሚገነጠለው ከዚህ ነው። ከተማዋ በቅርብ ዓመታት ተለውጣለች። የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ የጭነት መኪናው በዝቷል፤ አልጋ የሚይዘው ሰውም እንዲሁ፤ በሥራ ቀናት አመሻሽቶ የደረሰ እንግዳ ጥሩ ክፍል ላያገኝ ይችላል። በርበሬ በሚደርስበት ወራት ገበያው ቀይ ይለብሳል፤ ቡሬ፣ ጃቢ ጠህናንና ወንበርማ በበርበሬ ምርታቸው የታወቁ ወረዳዎች ናቸው።

በገበያ ቀን ማለዳ የቡሬ መናኸሪያ የሸለቆው እውነተኛ በር ይሆናል። «ሽንዲ! ሽንዲ! አንድ ሰው!» እያለ ረዳቱ ይጣራል፤ አንድ ሰው ማለቱ ግን ገና ሦስት መቀመጫ ይቀራል ማለት ሊሆን ይችላል። መኪናው ሰዓት አይጠብቅም፤ ሲሞላ ነው የሚነሳው። አንዲት ባልቴት ዶሮ አቅፈው ይመጣሉ። «ልጄ፣ ዶሮዋን የት ላድርጋት?» ይላሉ። «እማማ፣ ከእግርዎ ሥር ያድርጓት፤ ላይ ከተጫነች ትታፈናለች።» «ጎሽ፣ ተባረክ።» ኬሻው፣ ጀሪካኑና የበርበሬው ማዳበሪያ ከላይ ይታሰራል። ታሪፉ መስኮት ላይ ተለጥፎ ካልታየ እንግዳ ሰው ከጎኑ የተቀመጠውን መጠየቅ ይችላል፤ የጎጃም ተሳፋሪ ለእንግዳ ሒሳቡን በድፍረት ይናገርለታል። ሽንዲ የወንበርማ ወረዳ ከተማ ናት፤ ወንበርማም በደቡብ በዓባይ ይወሰናል። ከሽንዲ በታች ያሉት መንገዶች በበጋ እንጂ በክረምት አስተማማኝ አይደሉም።

ከቡሬ ወደ ነቀምት ያለው መንገድ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነው። በመጀመሪያ በማሳ መካከል ይጓዛል፤ ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ ባሕር ዛፉ ያልቅና ግራር፣ ቀርቀሃና ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው የቆላ ዛፎች ይተኩታል። ከድልድዩ ማዶ ጊዳ አያናና አንገር ጉቴ ይመጣሉ። ይህ መንገድ ጎጃምን ከወለጋ በቀጥታ ያገናኛል፤ ከሌለ ግን ነጋዴው በአዲስ አበባ በኩል መዞር አለበት። ውበቱም ጥቅሙም የማይጠረጠር ነው። ሆኖም በምሥራቅ ወለጋና በአካባቢው ለዓመታት በዘለቀው ግጭት ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ቆይቷል፤ በሁለቱም ወገን ያለው ሕዝብ በዚህ ምክንያት ዋጋ ከፍሏል። ክፍት መሆኑ በዕለቱ ከቡሬ ሹፌሮች ሳይረጋገጥ ወደዚህ መንገድ መግባት አይገባም።

በእግር መውረድ ሌላ ነገር ነው። ከቡሬና ከወንበርማ ደጋ ብዙ ገበሬዎች ላይም ታችም መሬት አላቸው፤ ላይ ጤፍና በቆሎ፣ ታች ማሽላ ይዘራሉ፤ የመውረጃውን ቀጭን መንገድ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ለመውረድ የሚፈልግ እንግዳ ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይዞ ወደ ቀበሌው ሄዶ መንገድ የሚያሳየው ሰው መጠየቅ አለበት፤ ያለ ደብዳቤ የሚወርድ እንግዳ በመልካምም በክፉም ጥያቄ ያስነሣል። ክፍያው ከመነሣት በፊት ተነጋግሮ የሚያልቅ ነው። መውረዱ በማለዳ ይጀመራል። የሚከብደው መመለሱ ነው፤ ወጣቱ ገበሬ ያለ ዕረፍት የሚወጣውን ዳገት ያልለመደ ሰው በእጥፍ ሰዓት ይወጣዋል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሙቀት ሳያገኘው መመለስ የማይችል ሰው ግማሽ መንገድ ወርዶ ቢመለስ ይሻለዋል። የሚጠጣ ውሃ ከላይ መያዝ ግዴታ ነው። በወንዙ ውስጥ አዞና ጉማሬ ስላሉ ለመታጠብ መግባት አይቻልም፤ ኩሬ መስሎ የተኛ ውሃም አይታመንም።

ቆላው የራሱ ሀብትና የራሱ ችግር አለው። በዓባይ ሸለቆ ተዳፋቶች የዕጣን ዛፍ ይበቅላል። በዓባይና በጀማ ሸለቆዎች አካባቢ ብቻ የሚገኝ የቆቅ ዝርያም አለ፤ ወፍ ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎች የሚፈልጉት እሱን ነው። ችግሩ የቆላ ዝንብ ነው። ዝንቡ የሚያስተላልፈው ገንዲ የተባለ በሽታ ከብትን፣ ፈረስንና በቅሎን ስለሚገድል ገበሬው በአንዳንድ ወራት እንስሳቱን ወደ ደጋ ያወጣል። ስለዚህ በቅሎ ተከራይቶ እስከ ወንዝ መውረድ የሚያስብ ሰው ባለቤቱ እንቢ ቢለው ሊገርመው አይገባም።

ለዚህ ሁሉ የሚመቸው ወቅት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። መስከረም ላይ አደይ አበባ ጠርዙን ቢሸፍነውም መሬቱ ጭቃ ነው፤ ወንዞቹም ሙሉ ናቸው። በጥቅምት ሰማዩ ይጠራል፤ ማዶ ያለው ጠርዝ በግልጽ ይታያል፤ አዝመራውም መድረስ ይጀምራል። ከየካቲት በኋላ ጭጋግና የማሳ ቃጠሎ ጭስ ሸለቆውን ይሞላዋል፤ ሙቀቱም ታች ላይ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሸለቆው በደመና ውስጥ ሲሆን ለጉዞ የሚሆነው አስፋልቱ ብቻ ነው።

ጸጥታው ከወቅቱ በላይ ይወስናል። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ክረምት በመንግሥት ጦርና በታጣቂዎች መካከል ያለው ጦርነት ከተባባሰና ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ምዕራብ ጎጃም ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ፍኖተ ሰላም ራሷ ሐዘን ደርሶባታል፤ መንገዶች ለቀናትና ለሳምንታት ተዘግተዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጧል። በእነዚህ ከተሞች የሚኖረው ሕዝብ ከመንገድ መዘጋት የሚደርስበት ጉዳት ከማንኛውም ጎብኚ ይበልጣል፤ ማዳበሪያ፣ መድኃኒትና የታመመ ሰው የሚያልፉት በዚሁ መንገድ ነውና። ተጓዥ በዕለቱ የሚያረጋግጥባቸው ምንጮች የመናኸሪያ ሠራተኞችና የጠዋቱን መንገድ የጨረሱ ሹፌሮች ናቸው። በሌሊት መጓዝ አይቻልም፤ ጥሬ ገንዘብና መታወቂያ መያዝም ግድ ነው። መንገዱ አስተማማኝ እስኪሆን ጉዞውን ማዘግየት ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ሸለቆው በቦታው ይቆያል።

ከቡሬ ወደ ሰሜን የሚቀጥል ሰው የዓባይን ሌላ ጫፍ ያገኛል። ከአውራ ጎዳናው በቲሊሊ በኩል ወደ ሰከላ የሚገነጠል መንገድ ግሽ ዓባይ ያደርሳል፤ የግልገል ዓባይ ምንጭ እዚያ ነው። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ቦታውን አይተው ጽፈዋል፤ ለኢትዮጵያውያን ግን ከእነሱ በፊትም ጠበል ነበረ። ሥርዓቱ በባዶ ሆድ መቅረብን ይጠይቃል፤ ቀድሞ የበላ ሰው ከምንጩ ርቆ መቆም ይኖርበታል፤ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋዮች የሚሉትን መስማት ይገባል። ከዚህ የሚነሣው ውሃ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ይገባል፤ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ዞሮ በቡሬ ደቡብ በኩል ሲያልፍ ከተነሣበት ቦታ በአየር መስመር 100 ኪሎ ሜትር ግድም ብቻ ይርቃል። ሰከላ ደጋ ስለሆነች ሌሊቱ ይበርዳል፤ ማደሪያዋም ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙው ተሳላሚ በማለዳ መጥቶ ከሰዓት በኋላ ወደ ቲሊሊ ይመለሳል። ከዚያ ወደ እንጅባራ የሚወስደው መንገድ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛውን የዘንገናን ሐይቅ ያሳያል፤ ዳንግላ፣ ዱርቤቴና መራዊ ካለፉ በኋላም ባሕር ዳር ይደረሳል። በዚያም በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ ዓባይን ገና ከሐይቁ እንደወጣ፣ ሸለቆውን መቆፈር ከመጀመሩ በፊት ያሻግራል።